ደቻቱ የሞላባት ሌሊት፤ ስለ ድሬዳዋ ጎርፍ የተጻፈ ታሪክ

የቤተ ክርስቲያናችን የዘመን ቀመር ክረምትን በየክፍሉ ሲያሰላ፣ ከሐምሌ 19 ቀን ጀምሮ ያለውን ወቅት የመብረቅና የነጎድጓድ፣ የባሕርና የአፍላግ ጊዜ ብሎ እንደሚጠራው ካህናቱ ያውቁታል። አባቶቻችን ይህን ስም ያወጡለት ሰማዩንና ወንዙን መርምረው ነው እንጂ በከንቱ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ይኸው ወቅት ሲመጣ፣ ለእሑድ ሐምሌ 30 ቀን አጥቢያ፣ የፍልሰታ ጾም ሊገባ አንድ ቀን ብቻ ሲቀረው፣ የድሬዳዋ ሰው ተኝቶ ሳለ ደቻቱ ሞልቶ ወረደ። ከ250 የሚበልጡ ነፍሳት ጠፉ፤ በሺህ የሚቈጠሩ ደግሞ ቤታቸውንና ንብረታቸውን አጥተው ሜዳ ላይ ቀሩ።

ድሬዳዋን ያላየ አንባቢ ደቻቱ ሲባል እንደ ዓባይ ወይም እንደ አዋሽ ዘወትር ውኃ የሚወርድበት ወንዝ አይምሰለው። ከተማዪቱን ለሁለት ከፍሎ ቀፊራንና መጋላን በአንድ ወገን፣ ከዚራን በሌላው ወገን ያስቀረ ሰፊ የአሸዋ መንገድ ነው። ከዓመቱ የሚበዛውን ጊዜ ደረቅ ነው፤ ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ ለቤት መሥሪያ የሚኾን አሸዋም ይጫንበታል። ወንዝን ለረጅም ጊዜ ደረቅ ኾኖ ያየ ሰው ወንዝነቱን ይረሳል። በዳሩ ጎጆ ይቀልሳል፤ ከጎጆው አጠገብ ሌላ ጎጆ ይጨመራል፤ በመጨረሻም ሰፈር ይኾናል።

የከተማዪቱም አመሠራረት ከዚህ ነገር ጋር የተያያዘ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡርን የሥራ ፈቃድ በ1886 ዓ.ም. ሲሰጡ፣ ሐሳቡ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረርን እንዲነካ ነበር። ነገር ግን ወደ ሐረር የሚያወጣው ተራራ እጅግ ቀጥ ያለ፣ ወጪውም ከባድ ኾኖ ተገኘ። ስለዚህ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ደርሶ በዚያ ቆመ፤ በዚያም አዲስ ከተማ ተቈረቈረ፣ አዲስ ሐረርም ተባለ። ይህቺ ናት ዛሬ ድሬዳዋ የምንላት። መሐንዲሶቹ ለመውጣት የፈሩትን ተራራ ሸሽተው፣ የዚያው ተራራ ውኃ በሚወርድበት በር ላይ ሰፈሩ። በዚህ ልንወቅሳቸው አይገባም፤ ለባቡር ሜዳ ያስፈልጋልና። ኾኖም ያ ሜዳ ራሱ ምን እንደ ኾነ ልብ ማለት ደግ ነው። ወንዞቹ በብዙ ሺህ ዘመን ከተራራው እየገፉ ያወረዱት አሸዋና ጠጠር ነው፤ ከተማዪቱ የቆመችው በቀድሞ ጎርፎች ፍርስራሽ ላይ ነው ቢባል ሐሰት አይኾንም።

የተራራ ጎርፍ ከሜዳ ጎርፍ የሚለይበትም ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት፣ በደቡብ በኩል ያለው የሐረርጌ ደጋ ከ2,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን አጭር ነው። ስለዚህ በደጋው ላይ የወረደ ብርቱ ዝናብ ለመርጋት ጊዜ ሳያገኝ በጥቂት ሰዓት ቆላ ይደርሳል። ዛፉ ከተቈረጠበትና ሣሩ ካለቀበት ቁልቁለት ላይ ደግሞ አፈሩን ይዞ ይወርዳል። ውኃ በጭቃ ሲወፍር ክብደቱ ይጨምራል፤ ክብደቱ ሲጨምርም ንጹሕ ውኃ ሊያነሣው የማይችለውን ቋጥኝ ያነሣል። ድንጋይና ግንድ ከፊት እየቀደሙ እንደ ግንብ ኾነው ይመጣሉ፤ ቁልቁለቱ ሲያበቃና መሬቱ ሲለጠጥ ግን ኃይሉ ይደክምና የተሸከመውን ሁሉ ያራግፋል። የሚያራግፈውም ከተማ ባለበት ላይ ነው።

በዚያች ሌሊት የዝናቡ ዋና ኃይል የወረደው ከከተማዪቱ በላይ ባሉት ተራሮች ላይ ነበር። በቆላ የተኛው ሰው በራሱ ጣሪያ ላይ የሚሰማውን ዝናብ ብቻ ቢመዝን፣ የሚመጣውን ሊያውቅ አይችልም። ከእንቅልፉ ሲነቃ ውኃው በደጁ ሳይኾን በአልጋው ሥር ነበረ። ጨለማ ነው፤ ልጅ የሚፈልግ አለ፣ አሮጊት እናቱን በጀርባው የሚያዝል አለ። ሲነጋ ከአሸዋው ሥር ሬሳ ይፈለግ ጀመር። የነሐሴ አንድ ቀን የጾሙ መግቢያ ለብዙዎች ቤት የለቅሶ ቀን ኾነ።

አንዳንድ ሰው ይህን ሁሉ ቍጣ ነው ብሎ በአንድ ቃል ያልፈዋል። እኛ ግን በዚህ ነገር አንስማማም። ከወንዙ አፍ የሰፈረው ድሀ ሌላ ስፍራ ስላጣ ነው የሰፈረው፤ ቍጣስ ድሀን ብቻ መርጦ ይወርዳልን?

ሌላውን የቅርብ ዘመን ምሳሌ ሳናነሣ ብናልፍ ታሪኩ ይጐድላል። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ 14 እና 15 ቀን በጎፋ፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በተባለው ቀበሌ፣ በዝናብ የራሰው የተራራ ጎን ተንዶ በቤቶች ላይ ወረደ። ይህ እንደ ደቻቱ በወንዝ የመጣ አይደለም፤ ምድሩ ራሱ ውኃ ጠጥቶ ጠጥቶ መሸከም ስላቃተው ፈረሰ። ጎረቤቶች የተቀበሩትን ሊያወጡ ሮጠው መጡ፤ በእጃቸውና በዶማ ሲቈፍሩ ሳሉ ናዳው ዳግመኛ ወረደና እነርሱንም ቀበራቸው። የሞቱት ከ200 በላይ ኾኑ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሊረዱ የመጡ ነበሩ። አንድ ጊዜ የተናደ ቁልቁለት ገና ያላረፈ ስለ ኾነ ሁለተኛ ሊናድ እንደሚችል ዐዋቂዎች ይናገራሉ፤ ነገር ግን የወንድሙን ጩኸት ከአፈር በታች የሚሰማ ሰው ቆሞ እንዲጠብቅ ማን ደፍሮ ይነግረዋል?

ወደ ድሬዳዋ እንመለስ። ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ ቤት የፈረሰባቸው ሰዎች በመጀመሪያ በድንኳንና በጊዜያዊ መጠለያ ቈዩ፤ በኋላም በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠራ። ግንቡ ጠቃሚ ነው፤ ዳሩን ከመሸርሸር ይጠብቃል። ነገር ግን አሸዋው በየክረምቱ ከተራራው ይወርዳል፤ አሸዋው በወንዙ ሆድ ሲከመር ወለሉ ከፍ ይላል፣ ወለሉ ከፍ ባለ መጠንም ግንቡ እያጠረ ይሄዳል። ስለዚህ ሥራው አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃ አይደለም፤ ከታች አሸዋውን መጥረግ፣ ከላይ በደጋው እርከን መሥራትና ዛፍ መትከል፣ በተራራው ላይ ዝናብ ሲበረታም ሌሊት ቢኾን እንኳ በቆላ ላለው ሰው ማስታወቅ ያስፈልጋል። በደጋ የሚያርሰውና በቆላ የሚነግደው አይተዋወቁም ይኾናል፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ያ ደረቅ የአሸዋ መንገድ ነው።