መጋቢነት፡- ክርስቲያን በሀብቱ ላይ ያለው ኃላፊነት

«መጋቢ» የሚለው ቃል «መገበ» ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ሲሆን የሌላውን ሀብት ተረክቦ የሚያስተዳድር፣ ለቤተሰቡም በየጊዜው የሚያከፋፍል ማለት ነው። ጌታችን በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 ባስተማረው ምሳሌ መጋቢው የያዘው ንብረት የእርሱ አይደለም፤ ሒሳቡን የሚያስረክብበትም ቀን መጥቶበታል። በምዕራፍ 12 የተጠቀሰው ባለጸጋ ግን የተቀበለውን ሁሉ የራሱ አድርጎ ቈጠረ። የተወቀሰው ምርቱ ስለበዛ ሳይሆን ከራሱ በቀር ለማንም ስላላሰበ ነው። አብርሃምና ኢዮብም ባለጸጎች ነበሩ። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ ይህንኑ የወንጌል ክፍል ሲተረጕም ጎተራቸውን በድሆች ላይ የዘጉትን ገሥጿል፤ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በቀጰዶቅያ ረኃብ በገባ ጊዜም የተራቡትን ሰብስቦ መግቧል።

የመጋቢነት የመጀመሪያው መገለጫ አሥራት በኩራት ነው። አብርሃም ለመልከ ጼዴቅ አሥራት የሰጠው (ዘፍ. 14፥20)፣ ያዕቆብም በቤቴል የተሳለው (ዘፍ. 28፥22) የኦሪት ሕግ ከመሰጠቱ በፊት ነው። ስለዚህ «አሥራት በኦሪት ቀርቷል» የሚለው አነጋገር ሥር የለውም። ገበሬ ከምርቱ፣ ነጋዴ ከትርፉ፣ ደመወዝተኛም ከወር ገቢው ያወጣል። በኦሪት በየሦስተኛው ዓመት የሚወጣው አሥራት ለሌዋዊ፣ ለመጻተኛ፣ ለሙት ልጅና ለመበለት ይደርስ እንደነበረም ልብ ይሏል (ዘዳ. 14፥28-29)።

ነገር ግን አሥራት መስጠት የቀረውን ዘጠኝ እጅ እንደ ፈቀዱ ለማዋል ፈቃድ አይሰጥም። ለንግሥ በዓል ጃንጥላና ምንጣፍ በስእለት እያስገባ የቤት ሠራተኛውን ደመወዝ የሚያዘገይ ሰው አለ። የዚህ ሰው መባ ቤተ መቅደሱን ቢያስጌጥም፣ ቅዱስ ያዕቆብ እንዳስተማረው የተከለከለው ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል (ያዕ. 5፥4)። አስቀድሞ ዕዳውን ይክፈል፤ ስእለቱ ከዚያ ይከተላል። ዘኬዎስም ለድሆች እኩሌታውን ሲሰጥ በግፍ የወሰደውን አራት እጥፍ ለመመለስ ቃል ገብቷል (ሉቃ. 19፥8)።

በሀገራችን ጉዳዩ ሌላም ገጽ አለው። ቀድሞ ካህናትና አድባራት የሚተዳደሩት በአመዛኙ በመሬት ገቢ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ከታወጀ በኋላ ግን አገልግሎቱ በምእመናን አስተዋጽኦ ላይ ወደቀ። ቃለ ዓዋዲ የደነገገው የሰበካ ጉባኤ አደረጃጀት ይህን ሸክም ለመሸከም አስፈላጊ ሆኖ ተገኘ። በገጠር ተተኪ ካህን አጥተው የሚዘጉ አብያተ ክርስቲያናት ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው።

የሚሰጠው ምእመን መጋቢ እንደሆነ ሁሉ የሚቀበለውም መጋቢ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን ገንዘብ ብቻውን አልያዘም፤ ማንም ነቀፋ እንዳያገኝበት ከቲቶ ጋር ሌሎች ወንድሞችን ላከ (2ቆሮ. 8፥16-21)። ሙዳየ ምጽዋት በብዙ ዓይን ፊት ሊቈጠር፣ ለተቀበሉትም ደረሰኝ ሊሰጥ፣ የሰበካው ሒሳብም ተመርምሮ ለምእመናን ሊነገር የሚገባው በዚሁ ሐዋርያዊ ሥርዓት ነው።