የአፍሪካ የመዥገር ንክሻ ትኩሳት
የአፍሪካ የመዥገር ንክሻ ትኩሳት ሪኬትሲያ አፍሪኬ በተባለ ባክቴሪያ አማካይነት የሚከሰት፣ በመዥገር ንክሻ ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ነው። ባክቴሪያው ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሆን፣ የዘረመል ቅደም ተከተሉ የተነበበው ናሙና ግን እ.ኤ.አ. በ1966 በኢትዮጵያ ከከብት ላይ ከተለቀመ መዥገር የተገኘ ነው።

ከዋነኞቹ አስተላላፊዎች አንዱ አምብሊዮማ ቫሪየጋተም የተባለው፣ ከብት ላይ የሚጣበቅ ባለ ቀለም መዥገር ነው። ስለዚህ በግጦሽ መሬትና በረጅም ሣር መካከል ርቀው የሚጓዙ እግረኞች፣ ለምሳሌ ከሞጣ ወይም ከቢቸና ተነሥተው ወደ መርጡለ ማርያም ገዳም የሚሄዱ ተሳላሚዎች፣ መዥገር ሊነክሳቸው ይችላል። ምልክቶቹ ከንክሻው በኋላ በአብዛኛው ከ5 እስከ 10 ባሉት ቀናት የሚታዩ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ የጡንቻ ሕመም፣ ንፍፊት እና በተነከሰው ቦታ የሚወጣ ጥቁር ቅርፊት ያለው ቁስል ሲሆኑ፣ በሽታው ዶክሲሳይክሊን በተባለው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይታከማል።

በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ መንገደኞችን የሚያሰጋው የላይም በሽታ ከዚህ የተለየ ነው፤ መንሥኤው ቦሬሊያ የተባለ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ሲሆን፣ አስተላላፊውም ኢክሶዴስ የተባለ መዥገር ነው። በኢትዮጵያ ይበልጥ የሚታወቀው የዚሁ ባክቴሪያ ዘመድ በልብስ ቅማል የሚተላለፈውን የግርሻ ትኩሳት ያስከትላል።

እግርን የሚሸፍን ልብስ መልበስና ከጉዞ በኋላ ገላን መፈተሽ ንክሻን ይከላከላል፤ የተጣበቀ መዥገር ደግሞ ቅቤ ወይም ጋዝ ሳይቀባ፣ በእሳትም ሳይነካ፣ ከቆዳው አጠገብ በወረንጦ ተይዞ ቀጥ ብሎ ይነቀላል።