የሰናር ግድብና የገዚራ ገበሬዎች

በዛሬው ትምህርታችን የአንድ ግድብ ታሪክ እናያለን። ግድቡ የሚገኘው በጎረቤታችን በሱዳን ነው። የሚይዘው ውሃ ግን ከእኛው ደጋ የሚወርደው ዓባይ ነው። ስሙም የሰናር ግድብ ይባላል። ዓመተ ምሕረቱን የምንቆጥረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉ።

ዓባይ ሱዳን ከገባ በኋላ ሰሜን ሰሜኑን ይዞ ካርቱም ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል። ከመገናኛው በስተደቡብ፣ በሁለቱ ወንዞች መካከል ያለው ሜዳ ገዚራ ይባላል። በዓረብኛ ደሴት ማለት ነው። መሬቱ ጥቁር ዋልካ ነው፤ ዝናቡ ግን ጥቂት ነው። ከግድቡ በፊት ገበሬው ማሽላ ይዘራ ነበር፤ ዝናብ የቀረ ዓመት ይራብ ነበር። ወንዙስ? ወንዙ በአጠገቡ ያልፋል፤ ነገር ግን ከዳርቻው በታች ዝቅ ብሎ ስለሚሄድ ውሃው በዓይን ይታይ ነበር እንጂ ማሳ ላይ አይወጣም ነበር።

ታዲያ ግድቡን ማን አሠራው? ለምንስ አሠራው? በዚያን ጊዜ ሱዳንን በተግባር የምትገዛው እንግሊዝ ነበረች። የእንግሊዝ የፈትልና የሽመና ፋብሪካዎች ረዥም ጭረት ያለው ጥጥ ይፈልጉ ነበር። እንግሊዝ ስለ ውሃው ቀድማ አስባበታለች። በ1902 ከአፄ ምኒልክ ጋር በተፈረመው ውል ውስጥ፣ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥት ጋር ሳይስማሙ የዓባይን፣ የጣናን ሐይቅና የሶባትን ውሃ የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ የሚል አንቀጽ ገባ። በ1911 ጠይባ በምትባል ቦታ ውሃ በሞተር እየተሳበ ጥጥ ተሞከረ፤ ጥጡም ያዘ። የግድቡ ሥራ ገና ሲጀመር በ1914 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣና ተቋረጠ። ከጦርነቱ በኋላ ቀጥሎ በ1925 አለቀ። ርዝመቱ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመጀመሪያ እንዲያጠጣ የታሰበው 300,000 ፌዳን መሬት ነበር። አንድ ፌዳን ከግማሽ ሄክታር ትንሽ ያንሳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በክረምት ጎርፉ ደለል ይዞ ሲመጣ በሮቹ ተከፍተው አብዛኛው ያልፋል። ውሃው እየጠራ ሲሄድ፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ በሮቹ ተዘግተው ግድቡ ይሞላል። የተጠራቀመው ውሃ ከፍ ስለሚል በትልቁ ቦይ ይገባል። ሜዳው ከወንዙ ዳር እየራቀ ሲሄድ በጥቂቱ ያዘቀዝቃል፤ ስለዚህ ውሃው ያለ ሞተር፣ በራሱ ክብደት ከትልቅ ቦይ ወደ ትንሽ ቦይ፣ ከትንሹም ወደ ማሳው ይወርዳል። ዋልካው ደግሞ ውሃ ስለማያሰርግ ቦዩ ብዙ አያባክንም።

እስቲ አሁን እርሳስና ወረቀት ያዙ። መንግሥት መሬቱን ከባለመሬቶቹ በግዴታ ተከራየ፤ ኪራዩም ለአንድ ፌዳን በዓመት 10 ቂርሽ ሆነ። ከዚያም መሬቱ ለገበሬዎች ተደለደለ። ጥጡ ተዳምጦ፣ ተጓጉዞና ተሸጦ ወጪው ከተቀነሰ በኋላ የቀረው ገንዘብ በመጀመሪያ ይከፈል የነበረው እንዲህ ነው፤ ከ100 እጅ 40ው ለገበሬው፣ 35ቱ ለመንግሥት፣ 25ቱ እርሻውን ለሚመራው የእንግሊዝ ኩባንያ። ከ1975ቱ የመሬት አዋጅ በፊት በአገራችን የእኩል አራሽና የሲሶ አራሽ የነበሩ አባቶቻችን ይህ ዓይነቱ ሒሳብ አይጠፋቸውም። ደግሞም ገበሬው ለለቀማ ሠራተኛ የሚከፍለውና ብድሩ የሚወጣው ከዚያው ከ40ው ነው። ማሽላው ግን የራሱ ነበር።

ዋጋው ደህና በሆነ ጊዜ ነገሩ ያስኬድ ነበር። ከ1930 በኋላ ግን የጥጥ ዋጋ በዓለም ገበያ ወደቀ፤ በዚያው ሰሞን የጥጥ በሽታ ገባ። ውሃ ሞልቶ እያለ ገበሬው ዕዳ ውስጥ ወደቀ። ጎተራው ማሽላ ባይኖረው ኖሮ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም።

ነገሩ የተለወጠው በ1946 ነው። ለክፉ ቀን ተብሎ በገበሬዎቹ ስም የተጠራቀመ ገንዘብ ነበር። ገበሬዎቹ፣ «ገንዘቡ ይከፋፈለን፤ አለዚያ ጥጥ አንዘራም» ብለው አደሙ። ከዚያ ወዲህ ገበሬው በወኪሎቹ አማካይነት ስለ ሒሳቡ መጠየቅ ጀመረ። በ1950 የኩባንያው ውል አልቆ እርሻው ወደ መንግሥት ተዛወረ፤ የገበሬውም ድርሻ በኋላ እየጨመረ ሄደ። የሚለማውም መሬት በኋላ ከ2 ሚሊዮን ፌዳን በላይ ደረሰ።

የደለሉ ነገርም አለ። ዓባይ ግንድ ይዞ ይዞራል እንላለን፤ ከግንዱ ይልቅ ብዙው አፈር ነው። በዘመናት ብዛት ከግድቡ ማጠራቀሚያ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በደለል ተሞልቷል፤ ቦዮቹም በየጊዜው ካልተጠረጉ ውሃ አያደርሱም። እኛ ጋ ከተራቆተው ተዳፋት የሚታጠበው አፈር እዚያ ቦይ ይደፍናል፤ ሁለቱም ገበሬዎች ይጎዳሉ። በ2023 መጨረሻ ጦርነቱ ገዚራ በደረሰ ጊዜ ደግሞ ብዙ ገበሬዎች ከማሳቸው ተሰደዱ፤ እርሻውና ቦዩም ተጎዳ።

እንግዲህ ስለ አንድ የመስኖ ግድብ ስትሰሙ ርዝመቱንና ቁመቱን ጠይቃችሁ አትብቃችሁ። ውሃው የማንን ማሳ ያጠጣል? በማሳው ላይ ምን እንደሚዘራ የሚወስነው ማነው? ወጪና ገቢውን የሚጽፈው ማነው? ገበሬውስ መዝገቡን ገልጦ ሊያየው ይችላል ወይ? የሰናር ግድብ በ1925 ውሃ ያዘ። ገበሬው ሒሳቡን ለመጠየቅ ግን 21 ዓመት ፈጀበት። በቀበሌያችሁ ትንሽ ምንጭ ተጠልፎ ቦይ ሲቀደድም እነዚህኑ ጥያቄዎች ከመጀመሪያው ቀን አንሡ።