ከመስታወት ክንድ እስከ ሁለት ጣት

የቴክኒክ ታሪክ በየክፍሉ ሲነገረን አብዛኛውን ጊዜ የፈልሳፊዎች ስም ዝርዝር ነው። ሞርስ ቴሌግራፍን ፈለሰፈ፤ አለቀ፣ ደቀቀ። መልእክቱን ቀን ከሌት ሲመታ የኖረው ሠራተኛ ክንድ ግን በታሪኩ ውስጥ የለም። በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ያንን ክንድ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ ከመነሻው ያስቃል። ሳሙኤል ሞርስ ሲጀምር ሰው በእጁ እንዲመታ ጭራሽ አላሰበም። በ1830ዎቹ የሠራው የመጀመሪያ መሣሪያ ጥርስ ያላቸው የእርሳስ ፊደሎች በአንድ ዘንግ ላይ ተደርድረው ሲያልፉ ኤሌክትሪኩን እያገናኘ የሚያቋርጥ ነበር። ማሽን ይላክ፣ ማሽን ይቀበል ነው ሐሳቡ። ሜይ 24 ቀን 1844 ከዋሽንግተን ወደ ባልቲሞር ታዋቂው መልእክት ሲተላለፍ ግን ያ ዘንግ ተጥሎ በምትኩ በጣት የሚጫኑት ቀላል ቁልፍ መጥቷል። ለምን ቢባል እጅ ከማሽኑ ይቀላል፣ ይፈጥናልም። ብዙም ሳይቆይ ተቀባዮቹ በወረቀት ላይ የሚታተመውን ምልክት ማየት ትተው የመሣሪያውን ቋ ቋታ በጆሯቸው ማንበብ ጀመሩ። እንግዲህ ቴሌግራፍ የሰው እጅና የሰው ጆሮ ሥራ የሆነው ማንም ሳያቅደው ነው።

ይህ እጅ ምን ያህል ይሠራ እንደነበር ለማወቅ ትንሽ ሒሳብ ይበቃል። የሞርስ ሰዎች ፍጥነትን የሚለኩት «ፓሪስ» በሚለው ቃል ነው። ቃሉ በላቲን ፊደል አምስት ሆሄ ሲሆን አሥራ አራት ነጥብና ሰረዝ አለው። በደቂቃ 25 ቃል የሚልክ ሰው በደቂቃ 350 ጊዜ፣ በሰዓት 21,000 ጊዜ ቁልፉን ወደ ታች ይጫናል ማለት ነው። ያውም በአንድ አንጓ፣ በአንድ ዓይነት እንቅስቃሴ፣ ከዓመት ዓመት!

ታዲያ ክንዱ ቢደርቅ ምን ይገርማል? በሽታው በሐኪም ጽሑፍ ከተመዘገበ ቆይቷል፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ኦኒሙስ በ1875 ገልጾታል። አሜሪካኖቹ ሠራተኞች «የመስታወት ክንድ» አሉት። ጣት አልታዘዝ ይላል፣ ነጥቡ ሲፈለግ ሰረዝ ይወጣል፣ አንጓው ይቆለፋል። በእንግሊዝ አገር በ1908 ካሣ ከሚከፈልባቸው የሥራ በሽታዎች ዝርዝር ገባ። ይህ ለሠራተኛው ትልቅ ድል ነበር። ነገር ግን ጉዳዩን እንዲያጠና የተቋቋመው የፖስታ መሥሪያ ቤት ኮሚቴ በ1911 ባወጣው ሪፖርት ከክንዱ ድካም ጎን ለጎን የሠራተኛውን «የነርቭ አለመጽናት» እንደ ምክንያት አስቀመጠ። እስቲ ይታያችሁ! ሰውዬው በሰዓት ሃያ ሺሕ ጊዜ ሲመታ ይውላል፤ ክንዱ ሲቀር ጥፋቱ በከፊል የራሱ ጠባይ ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ስለ ሥራ ሕመም በተደረገው ክርክር ሁሉ ይህቺ አነጋገር ደጋግማ ብቅ ትላለች።

መድኀኒቱን የፈለጉት ራሳቸው የሙያው ሰዎች ናቸው። ሆሬስ ማርቲን የሚባል አሜሪካዊ ቴሌግራፈኛ በ1904 ቫይብሮፕሌክስ ለተባለው መሣሪያ የፈጠራ መብት አገኘ። የዚህ ቁልፍ ዘንግ የሚሄደው ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን ነው። በአውራ ጣት ሲገፋ፣ ጫፉ ላይ ክብደት ያለው ስፕሪንግ እየተርገበገበ፣ ጣት እስኪለቀቅ ድረስ ነጥቦቹን ራሱ ይደረድራል። ሰረዝ ግን አሁንም አንድ ባንድ በጣት ይሠራል። አምስት ነጥብ ያለው የ5 ቁጥር በድሮው ቁልፍ አምስት ምት ሲሆን እዚህ አንድ ግፊት ብቻ ሆነ። ሠራተኞቹ «ባግ» የሚል ቅጽል አወጡለት፤ ነፍሳት ማለት ነው። ብዙዎቹም ከኪሳቸው ገዝተው በሣጥን ይዘውት ሥራ ይገቡ ነበር። ትርፉ የኩባንያው፣ መሣሪያው የሠራተኛው መሆኑን ልብ ይሏል።

ሰረዙ በእጅ መቅረቱ ሌላም ነገር አቆየ። ሁለት ሰዎች አንድ ቃል ሲልኩ አንድ ዓይነት አይሰማም፤ አንዱ ሰረዙን ያስረዝማል፣ ሌላው ይቸኩላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ሬዲዮ ጠላፊዎች የጀርመን ኦፕሬተሮችን መልእክቱን ሳይፈቱ በእጃቸው ለይተው ያውቋቸው ነበር፤ ኦፕሬተሩ ሲዛወር ክፍለ ጦሩ መንቀሳቀሱን ይገምታሉ።

ቀጥሎ የመጣው ኪየር የሚባለው የኤሌክትሮኒክስ ሣጥን ነው። ሁለት ፓድል፣ ማለትም በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል የሚቆሙ ሁለት ስስ መግፊያዎች አሉት፤ አንዱ ነጥብ፣ አንዱ ሰረዝ። ሰረዙ የነጥቡን ሦስት እጥፍ ሆኖ ይወጣል፣ ዝንፍ የለም። ሁለቱን አንድ ላይ ሲጨብጡ ደግሞ ነጥብና ሰረዝ እየተፈራረቁ ይሄዳሉ፤ ለዚህም ከግሪክ ግጥም ምጣኔ፣ አጭርና ረጅም ከሚፈራረቁበት ቤት፣ «አያምቢክ» የሚል ስም ተዋሱለት። (ሥነ ጽሑፍ ክፍሎች፣ ደስ ይበላችሁ።) በ1970ዎቹ አሜሪካዊው ጆን ከርቲስ ይህን ሁሉ በአንዲት ቺፕ ከቶ ሸጠው። «ሲ» የሚለው የላቲን ፊደል፣ ዳ-ዲ-ዳ-ዲ፣ በአንድ ጭብጥ ያልቃል።

እዚህ ላይ ነው ጀማሪው የሚታለለው። ፓድል ገዛሁ ማለት መላክ ቻልሁ ማለት ይመስለዋል። መጀመሪያ ጣቱ ከመቼ መልቀቅ እንዳለበት አያውቅም። ኪየሮች ደግሞ ሁለት ዓይነት ናቸው፦ ኤ የሚባለው ሁለቱም ጣት ሲለቀቅ የጀመረውን ጨርሶ ይቆማል፤ ቢ የሚባለው ተቃራኒውን አንድ ጨምሮ ነው የሚቆመው። በቢ የለመደ ሰው ኤ ላይ ሲቀመጥ «ሲ» ብሎ የላከው መጨረሻዋን ነጥብ አጥቶ «ኬ» ይሆንበታል። ስለዚህ አንዱን መርጦ መጽናት ያስፈልጋል። ጭራሹን መጨበጡን ትተው አንድ ዘንግ ባለው ፓድል በንጽሕና የሚልኩ ስንትና ስንት ናቸው።

ትልቁ ነገር ግን ዝምታው ነው። በደቂቃ 20 ቃል ስንልክ አንድ ነጥብ 60 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ በፊደል መካከል ያለው ዝምታ 180፣ በቃል መካከል ያለው 420። ተራው ኪየር 60ውን ያውቃል። 180ውንና 420ውን የሚጠብቀው ሰው ነው። የፊደሉን ክፍተት የሚያስጠብቁ ኪየሮች መኖራቸው እውነት ነው፤ የቃሉ ግን በእነሱም ቢሆን ለጣት የተተወ ነው። «ኤ» እና «ኤን» ተጣብቀው ቢሄዱ «ፒ» ናቸው። ነጥቡና ሰረዙ እንከን የለውም፣ ንግግሩ ግን ጠፋ። ስለዚህ የሚለማመድ ሰው ከሚችለው ፍጥነት ዝቅ ብሎ፣ ፓድሉን ሳይደበድብ በለሆሳስ እየገፋ፣ የላከውን በቴፕ ቀድቶ በማግስቱ ያዳምጥ። በሰው ጆሮ የራሱን እጅ ሲሰማው ጉዱን ያየዋል።

ዛሬ ይህን ሥራ አድርግ ብሎ የሚያስገድድ የለም። የባሕር ላይ የአደጋ ጥሪ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1999 ከሞርስ ተላቀቀ፤ በ2003 የጄኔቫው የሬዲዮ ጉባኤ ለአማተሮች የነበረውን የግዴታ ፈተና አነሣ። የቀሩት ወድደው የሚማሩት ናቸው፤ ክንዳቸውም ለማንም ኩባንያ አይደማም።

ከእነዚህ መካከል የእኛም አሉ። በሬዲዮ ዓለም የኢትዮጵያ መነሻ ፊደሎች «ኢ» እና «ቲ» ናቸው፤ የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ መጠሪያም ኢቲ3ኤኤ ነው። በሞርስ «ኢ» አንድ ነጥብ፣ «ቲ» አንድ ሰረዝ ናት። ከሁለቱ የሚያንስ ፊደል የለም፤ በመካከላቸው ያለችው ዝምታ ከጠበበች ዲ-ዳ ሆነው «ኤ» የምትባለዋን ፊደል ይሰጣሉ። ቸኩሎ የላከ ኦፕሬተር በሰሚው ወረቀት ላይ ኤ3ኤኤ ሆኖ ይጻፋል። ኤ3 ደግሞ የተመደበው ለቶንጋ ነው፤ ጣቢያው ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ፓስፊክ ውቅያኖስ መሀል አረፈ ማለት ነው።