በእውነተኛ ወህኒ ቤት ስለ ተሠራ ፊልም

ስለ ወህኒ ቤት የሚናገሩትን ፊልሞች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሯቸው የወህኒ ቤት በር ያልተዘጋባቸው ሰዎች ናቸው። በአሜሪካ አገር እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1954 ዓ.ም. የወጣው «ብጥብጥ በ11ኛው የእስር ክፍል» የተባለው ፊልም ግን ታሪኩ ሌላ ነው።

ፊልሙን ያሠራው ዋልተር ዋንገር በሆሊውድ የታወቀ ሰው ነበረ። በ1951 ዓ.ም. መጨረሻ ቅናት አነሣሥቶት የሚስቱን የተዋናይቱን የጆአን ቤኔትን ወኪል በሽጉጥ መትቶ አቈሰለ። የተመታው ሰው ከሞት ተረፈ፤ ዋንገርም አራት ወር ተፈረደበት። ቅጣቱ ቀሎለታል የሚል ቢኖር አልከራከረውም። ዳሩ ግን በእስር ያየው ነገር ከልቡ አልወጣም፤ ሲፈታም የእስረኛውን ኑሮ ለሕዝብ ለማሳየት ቈረጠ።

ማስረጃ መፈለግ አላስቸገረውም። በ1952 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ግዛቶች እስረኞች ተነሥተው ነበርና። በሚሺጋን ግዛት በጃክሰን ወህኒ ቤት ያሉት አድመኞች ዘበኞችን መያዣ አድርገው ለጥቂት ቀናት 15ኛውን ክፍል ዘጉ፤ ጨካኝ ዘበኞች እንዲነሡላቸው፥ ሕክምናም እንዲሻሻልላቸው ጠየቁ፤ አገረ ገዥውም ጥያቄያቸውን ተቀበለ።

ዳይሬክተሩ ዶን ሲግል ፊልሙን ያነሣው በካሊፎርኒያ በፎልሰም ወህኒ ቤት ነው። ከተዋናዮቹ ኋላ የሚታዩት ብዙዎቹ እውነተኛ እስረኞችና ዘበኞች ናቸው። ከዋናዎቹ ተዋናዮች አንዱ ሊዮ ጎርደን እንኳ ቀድሞ በሳን ኩዌንቲን ታስሮ የወጣ ሰው ነበረ። ስለዚህ በፊልሙ ውስጥ የሚታየው የእስረኞች ፊት በቀለም የተሠራ አይመስልም።

እኔን እጅግ የገረመኝ ግን የወህኒ ቤቱ አዛዥ ነገር ነው። አድመኞቹ የሚጠይቁት፥ ይኸውም የአእምሮ ሕመምተኞች ተለይተው እንዲታከሙ፥ ሥራ ፈትቶ የሚውለውም እስረኛ ሙያ እንዲማር፥ እርሱ ራሱ ለብዙ ዓመታት ሲያመለክት የኖረውን ነው። ገንዘብ የለም እየተባለ ሲመለስ የነበረው ማመልከቻ፥ በዘበኞች አንገት ላይ ቢላዋ በተቃጣ ጊዜ ተፈረመ።

ዘበኞቹ በደኅና ከተለቀቁ በኋላ የግዛቱ ምክር ቤት የአገረ ገዥውን ፊርማ ሻረው። ከሁለት ሳምንት በኋላ አዛዡ የአድማውን መሪ አስጠርቶ ነገሩን ያረዳዋል። የአእምሮ ሕመምተኞቹ ወደ ሆስፒታል ተወስደዋል፤ አዛዡ ከሹመቱ ተሽሯል፤ መሪው ግን ተከሶ ሠላሳ ዓመት ይጠብቀዋል።