ኤሊዋ የት ተሰማራች?

ሰሞኑን ስለ ባሕር ኤሊ የተተረጎመ ጽሑፍ ሳነብ «የቤት ክልል» የሚል ሐረግ ገጠመኝና ፈገግ አልኩ፤ ኤሊ ቤቷን ጀርባዋ ላይ ተሸክማ የለ! እንግሊዝኛው «ሆም ሬንጅ» ነው። የእንስሳት ተመራማሪው ዊልያም በርት በ1943 እ.ኤ.አ. እንደበየነው፣ እንስሳው ምግቡን ሲፈልግ፣ ሲራባና ልጆቹን ሲያሳድግ የሚመላለስበት ቦታ ነው፤ አንዳንዴ ወጣ የሚልበትን አይጨምርም። «ክልል» ግን ከለለ ከሚለው ግስ ወጥቷልና አጥርና ጠባቂ ያለው ያስመስለዋል። አረንጓዴዋ ኤሊ የባሕር ሣሯን ትግጣለች እንጂ ድንበር አትጠብቅም። ተመራማሪዎች ቅርፊቷ ላይ የሚለጥፉት መሣሪያ፣ ለመተንፈስ ብቅ ስትል ለሳተላይት ምልክት ይልካል፤ ነጥቦቹ ሲጠራቀሙ ውሎዋ ካርታ ላይ ይወጣል። ለዚህ የውሎ ቦታ እረኛ የሚያውቀው ቃል አለን፦ «መሰማሪያ»። ከብት ጠዋት ይሰማራል፣ ማታ ይገባል። አትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ባለችው አሴንሽን ደሴት ላይ እንቁላሏን የምትጥለው ኤሊ መሰማሪያዋ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ብራዚል ዳርቻ ነው፤ መካከል ያለው ውቅያኖስ መንገዷ እንጂ መሰማሪያዋ አይደለም። እኔ ብሆን «የኤሊዋ መሰማሪያ» ብዬ እጽፍ ነበር፤ ባሕር አይቶ የማያውቅ እረኛም ይገባዋል።