ከጭንቅላት በፊት እግር

አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ምድር ቤት። ወርዳችሁ ድንቅነሽን ያላያችሁ እስቲ እጃችሁን አውጡ። አይዟችሁ፣ አንቆጣም። እኛም ብንሆን ግማሾቻችን በተማሪነት ዘመን ተሰልፈን ገብተን፣ «ለዚች ነው እንዴ ይህ ሁሉ ወሬ?» ብለን የወጣን ነን። የቀረነው ደግሞ የምናውቃት ከቲሸርት ላይ ነው።

ስለ እሷ ሁላችንም የምንደጋግማቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የሰው ዘር መገኛ መሆናችን፣ ሁለተኛው «ሉሲ» የሚለው ስም ከቢትልስ ዘፈን መምጣቱ። ከዚያ በኋላ ዝም። ዓለምን ያስደነቀው ምኗ ነው ብንባል «ዕድሜዋ» እንላለን። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ ከእሷ የሚበልጡ ብዙ ተገኝተዋል፣ አንዷም የዚያው የአፋር ምድር ልጅ ናት። የድንቅነሽ ዋናው ወሬ ያለው ከወገቧ በታች ነው።

ወሬው እንዲገባን ግን መጀመሪያ እንግሊዝ ሀገር ደርሰን መመለስ አለብን። (ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምንጠራው።)

በ1912 ሰሴክስ ውስጥ፣ ፒልትዳውን ከሚባል ስፍራ፣ አንድ ጥንታዊ ሰው ተገኘ ተባለ። የራስ ቅሉ እንደ እኛ ትልቅ፣ መንጋጋው ግን የጦጣ ዘመድ መንጋጋ። ብዙ ሊቃውንት እልል አሉ። ሰውን ሰው ያደረገው አእምሮው ነው፣ ስለዚህ ቀድሞ የተለወጠው ጭንቅላቱ መሆን አለበት ብለው ያስቡ ነበርና የተመኙትን አገኙ። በዚያ ላይ ሰውዬው የሀገራቸው ልጅ ነው! በ1925 ሬይመንድ ዳርት ከደቡብ አፍሪካ፣ ታውንግ ከተባለ ቦታ የተገኘ የሕፃን ራስ ቅል ይዞ ብቅ አለ። አንጎሉ ትንሽ ነው፤ አከርካሪው የሚገናኝበት ቀዳዳ ግን ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ ፍጡር ከራስ ቅሉ ሥር ነው። ብዙዎቹ ፊት ነሱት።

በ1953 የፒልትዳውን ጉድ ወጣ። የሰው ራስ ቅልና የኦራንጉታን መንጋጋ ቀለም ነክረው፣ ጥርሱን ሞርደው የቀበሩት የማጭበርበሪያ ሥራ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ስንቱ የተማረ ሰው የሚፈልገውን እያየ ተታለለ። ይህችን ነገር ያዙልን፣ እንመለስባታለን።

አሁን ወደ አፋር። በ1973 ዶናልድ ጆሃንሰን የተባለ ወጣት አሜሪካዊ ሐዳር ላይ አንድ ጉልበት አገኘ። ጉልበት ብቻ፤ የጭን አጥንት ታችኛው ጫፍና የቅልጥም ላይኛው ጫፍ። ሁለቱ ሲገጣጠሙ የጭኑ አጥንት ወደ ውስጥ ያዘነብላል። የቺምፓንዚ ጭን ቀጥ ብሎ ነው የሚወርደው። የእኛ ግን ከዳሌ ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ መሃል ይገባል፤ ስንራመድ እግራችን ከሰውነታችን ሥር እንዲያርፍ። አማርኛችን መገጣጠሚያውንም ኃይሉንም «ጉልበት» ብሎ በአንድ ቃል መጥራቱ ያለ ነገር አይደለም ያሰኛል።

በዓመቱ፣ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. (ኖቬምበር 24 ቀን 1974)፣ ድንቅነሽ ተገኘች። ከአጽሟ 40 በመቶ ያህሉ ተሰበሰበ። ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም የማያልፍ፣ የዝርያዋ አንጎል የእኛን ሲሶ የሚያክል። ግን በሁለት እግሯ ትሄድ ነበር። በ1978 ደግሞ ታንዛኒያ ውስጥ፣ ላኤቶሊ ላይ፣ በእሳተ ገሞራ አመድ ላይ የታተመ የ3.66 ሚሊዮን ዓመት የእግር ዱካ ተገኘ። ክርክሩ እዚህ ላይ አበቃ። እግር ቀደመ፣ ጭንቅላት ተከተለ።

«ሥጋው ከበሰበሰ ሦስት ሚሊዮን ዓመት ያለፈውን ጡንቻ ማን አየውና ነው?» የምትሉ አላችሁ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ጡንቻ አጥንት ላይ ተጣብቆ ሲኖር ምልክት ይተዋል፤ የተጣበቀበት አቅጣጫም ሥራውን ይናገራል። ካላመናችሁ ተነሱና ቁሙ። እጃችሁን ከዳሌያችሁ ጎን አድርጉና አንድ እግር አንሱ። በቆማችሁበት እግር በኩል ከእጃችሁ ሥር ጠጠር የሚል ጡንቻ አለ። እሱ ባይኖር ዳሌያችሁ ወደተነሳው እግር ይዘቅጥ ነበር። ቺምፓንዚም ይህ ጡንቻ አለው። ነገር ግን የዳሌው አጥንት ረጅምና ወደ ኋላ የዞረ ስለሆነ ጡንቻው እግሩን ወደ ኋላ ይገፋለታል። ለመውጣት ግሩም ነው፤ በሁለት እግር ሲሄድ ግን እንደ ሰካራም ያንገዳግደዋል። የድንቅነሽ ዳሌ አጥሮ፣ ሰፍቶ፣ ወደ ጎን ዞሯል። አዲስ ጡንቻ አልተፈጠረላትም፤ የድሮው ጡንቻ የሚስብበት አቅጣጫ ነው የተለወጠው።

በ2023 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲዋ አሽሊ ዋይዝማን በየእግሯ 36 ጡንቻዎችን በኮምፒውተር መልሳ ሠራችላት። ጉልበቷን እንደ እኛ ቀጥ ማድረግ ትችል ነበር። ከጭኗም 74 በመቶው ጡንቻ ሆኖ ተገኘ፤ የእኛ ግማሽ ገደማ ነው።

ታዲያ ሰውነት እንዲህ የሚለወጠው ለምንድን ነው? ቦታው ስለሚያስገድድ ነው። ትምህርት ቤት የተነገረን ታሪክ አጭር ነበር፤ ጫካው ደረቀ፣ ከዛፍ ወረዱ፣ ሄዱ። አርዲ ይህን አወሳሰበችው። በ1994 አራሚስ ላይ የመጀመሪያውን የእጅ አጥንት ቁራጭ ያገኘው ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ነው፤ ሙሉ ጥናቱ የወጣው በ2009። ዕድሜዋ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ነው። የዳሌዋ ላይኛው ክፍል የቋሚ ተራማጅ፣ ታችኛው ክፍል ግን የዛፍ ወጪ ነው። የእግሯ አውራ ጣት እንደ እጅ አውራ ጣት ቅርንጫፍ ይጨብጣል። ያገኟት ተመራማሪዎች እንደሚሉት የኖረችው ዛፍ በበዛበት ስፍራ ነው። ሁለት እግር የተጀመረው ሜዳ ላይ ሳይሆን ገና ጫካው ሳይለቀቅ ነበር ማለት ነው። ዘረሰናይ ዓለምሰገድ በ2000 ዲኪካ ላይ ያገኛት የድንቅነሽ ዝርያ ሕፃን፣ ሰላም፣ ደግሞ የትከሻ አጥንቷ የጎሪላን ይመስላል። ታችዋ ለመሬት፣ ላይዋ ለዛፍ። ዛፍና ሣር በተቀላቀለበት ሀገር ከዚህ የተሻለ ምን ይገኛል?

ሩጫ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በ2024 መጨረሻ የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲው ካርል ቤትስና ባልደረቦቹ ድንቅነሽን በኮምፒውተር አሯሯጧት። የእኛን ዓይነት ጡንቻና የተረከዝ ጅማት ቢገጥሙላት እንኳ ፍጥነቷ ቢበዛ በሰከንድ ወደ 5 ሜትር ነው፤ በዚያው ስሌት ሰው ወደ 8 ይደርሳል። ረጅም ቅልጥም ያለው ሰውነት ለመታየት ብዙ መቆየት ነበረበት። በ1984 ካሞያ ኪሜው ኬንያ፣ ቱርካና ሐይቅ አጠገብ ያገኘው የ1.5 ሚሊዮን ዓመቱ ልጅ እግሩ እንደ እኛ ረጅም ነው። በዚያን ጊዜ የምሥራቅ አፍሪካ ሣር ተስፋፍቷል፤ በሣር ሀገር ምግብም ውኃም ይራራቃል። ዴኒስ ብራምብልና ዳንኤል ሊበርማን በ2004 እንደጻፉት፣ ረጅሙ የተረከዝ ጅማት እንደ ሞላ ተለጥጦ የረገጥንበትን ኃይል ይመልሳል፤ ትልቁ የመቀመጫ ጡንቻም በሩጫ ጊዜ በግንባራችን እንዳንደፋ ይይዘናል። (አዎ፣ ያ ቀኑን ሙሉ የምንቀመጥበት።) በዚህ ሐሳብ ያልተስማሙ አሉ፤ ሒሳቡ ግን ግልጽ ነው። በ2017 የወጣ ጥናት የቺምፓንዚ ጡንቻ ከእኛ 1.35 እጥፍ ያህል ኃይል እንደሚያወጣ አሳይቷል። በ2007 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የእኛ እርምጃ ከቺምፓንዚ እርምጃ 75 በመቶ ያነሰ ጉልበት እንደሚፈጅ ለክቷል። ኃይል ሰጥተን መንገድ ገዛን።

አሁን ያዙልን ወዳልናችሁ ነገር እንመለስ። እንግሊዞቹን ያታለላቸው የሀገራቸውን ልጅ የመጀመሪያው ሰው የማድረግ ጉጉት ነው። እኛስ? «ድንቅነሽ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት»፣ «ሩጫ በደማችን ነው» ስንል ምን እያደረግን ነው? ድንቅነሽ ኢትዮጵያ የሚባል ነገር አታውቅም፤ ሯጭም አልነበረች። ጅማቱም ዳሌውም የኖርዌዩም የቻይናውም ነው። በ1960 ሮም ላይ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሲጨርስ፣ የተከተሉት ሁሉ ያው የተረከዝ ጅማት ነበራቸው። የእሱ ትርፍ ያደገበት ደጋ፣ የኦኒ ኒስካነን ሥልጠናና የራሱ ልፋት ነው። «ደሙ ነው» ስንል የምናመሰግነው ይመስለናል እንጂ ልፋቱን እየነጠቅነው ነው።

ኩራት ካማረን የሚያኮራ ሥራ አለ። ዘረሰናይ የሰላምን አጥንት ከአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ፍቆ ለማውጣት ዓመታት ፈጅቶበታል። እነ ብርሃነ አስፋውና ዮሐንስ ያሉበት ቡድን አርዲን ለዓለም እስኪያቀርብ 15 ዓመት ቆይቷል። የተመኙትን ቶሎ ከማወጅ ያገኙትን መመርመር መረጡ።

እኛ ደግሞ በሚቀጥለው ቅዳሜ ተያይዘን ድንቅነሽ ዘንድ እንሄዳለን ብለናል። ከአራት ኪሎ የደቂቃዎች መንገድ ናት። ታክሲ ተራ ላይ ግማሽ ሰዓት ተሰልፎ የሚጠብቅ ካለ ግን አንጠብቀውም፤ በእግር ነን።